የዳበል ሰዎች አንድ መልስ

ውሸታም ተብዬ አውቃለሁ። ሞያሌ አድጎ፣ ያውም ከነጋዴ እናት ጉያ፣ ውሸታም ያልተባለ ሰው ካለ እሱ ራሱ ይዋሻል። ዕቃውን በዚህ ዋጋ ነው ያመጣሁት ስትል ማንም አያምንህም፤ አንተም እንዲያምንህ አትጠብቅም። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ፣ ጉባኤ ተሰይሞልኝ ውሸታም ልባል የደረስኩት ግን አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በወረርሽኙ ጊዜ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ቀዝቅዤ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናይሮቢ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምር ነበር፤ እያስተማርኩም የዶክትሬት ጥናቴን እሠራ ነበር። ሁለቱ የተሳሰሩ ናቸው፤ ጥናቱ ከወደቀ የማስተማር ውሌም አብሮ ይወድቃል። የማጠናው ስለ ወሬ ነው። ፍየል ሲታመም ወሬው መጀመሪያ ለማን ይነገራል? ማን ይደብቃል? ማንስ ቶሎ ብሎ ገበያ ያወጣዋል? ይህን የምጠይቀው ሞያሌ አጠገብ ባሉት በቡቲዬና በኦዳ፣ እንዲሁም ራቅ ብላ ባለችው በአርብቶ አደሮቹ መንደር በዳበል ነበር። ባልደረቦቼ «የፍየል ሐሜት ዶክተር» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በኋላ በሽታው መጥቶ ዓለም ሁሉ ማን ደበቀ፣ ማን ቀድሞ ተናገረ እያለ ሲባላ ቀልዱ ቆመ። ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ግን አላየሁም።

እኛ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት በምንለው ዓመት፣ መጋቢት ላይ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ሻንጣዬን ይዤ ሞያሌ እናቴ ቤት ገባሁ። ወላጆቼ ደርግ ሲወድቅ ተሰደው ወደ ኬንያው ሞያሌ የተሻገሩ፣ እዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። አባቴ አርፏል። እናቴ ከወዲያኛው ሞያሌ ቅመምና ጨርቅ እያስመጣች ትቸረችራለች። ድንበሩም ተዘግቶ ስለነበር መደርደሪያዋ ከቀን ወደ ቀን ይሳሳ ነበር። ስገባ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንቺንም ዘጉሽ?» አለችኝ።

ማስተማሩ በኢንተርኔት ይቀጥል ተባለ። የእናቴ መጋዘን ውስጥ የበርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እያስነጠሰኝ አስተምር ጀመር። በዚያ ጊዜ ማስነጠስ ደግሞ ወንጀል ነበር። ተማሪዎቼ ጥቁር ሳጥን ሆኑ፤ ድምፅ የለ፣ ፊት የለ። «ይሰማል?» እላለሁ፤ ዝም። ግማሹ የኢንተርኔት ባንድል አልቆበታል፣ ግማሹ መብራት የለውም፣ ግማሹ ስልኩን አብርቶ ተኝቷል። ሦስት ግማሽ አለ ወይ አትበሉኝ፤ በዚያ ዓመት ሒሳቡም አይሠራም ነበር። ኃላፊዎቹ ግን ትምህርቱ ያለ እንከን ቀጥሏል የሚል መግለጫ ያወጡ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መግለጫውን ለእናቴ እየተረጎምኩላት አብረን እንስቅ ነበር።

ስለ ጥናቱም ትእዛዝ መጣ። ሰውን ፊት ለፊት ተገናኝቶ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ጥያቄው ሁሉ በሊንክ ይላክ። አማካሪዬ ናይሮቢ ያሉ፣ ቆጣ የሚሉ ግን ቅን ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ ዳበል ውስጥ ሰው የሚጠየቀው ተቀምጦ፣ ዝናቡንና ግጦሹን አውርቶ፣ የመጡበትን አገር ወሬ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተናግረው ሲጨርሱ ነው። በሊንክ ምኑ ይሆናል?» አልኳቸው።

«ወይ ሊንክ፣ ወይ ጥናቱን ማቆም» አሉኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ጥያቄዎቹን በቦረንኛ ጽፌ ላክኋቸው። ከጥያቄዎቹ ራስ ላይ ዩኒቨርሲቲው የሚያዘውን አንቀጽ አስቀመጥኩ፦ ስምዎ አይገለጽም፤ ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለም፤ ሳይፈሩ ይመልሱ።

ቡቲዬና ኦዳ ለከተማው ቅርብ ናቸው። ሰዉ ብቻውን መመለስ ለምዷል፤ መልሱም እንደ መልኩ ለየቅል ሆኖ መጣ። የዳበል ግን ዘገየ። ዳበል ውስጥ የስልክ ካርድ የምትሸጥ፣ በፀሐይ ኃይልም ስልክ ቻርጅ የምታደርግ አንዲት ባለሱቅ አለች። ስልክ ያለው ሁሉ እሷ ጋ ስለሚሄድ ሊንኩን እንድታደርስልኝ የለመንኩት እሷን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሠላሳ ስምንት ሰው መልስ በአንድ ጊዜ ዱብ አለ። በደስታ እናቴን አቀፍኳት። መልሱ በቀጥታ የሚገባው ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ውስጥ ስለነበር ቀድመው ያነበቡት አማካሪዬ ናቸው።

በማግስቱ ደወሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«የዳበሉን አይተሽዋል?»

«ገና ነኝ ዶክተር።»

«ሁሉም አንድ ነው።»

«ይመሳሰላል ማለትዎ ነው?»

«አይመሳሰልም። አንድ ነው። እስከ ቃሉ፣ እስከ ነጠላ ሰረዙ። እንዲህ ያለ ነገር የሚመጣው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሲሞላው ነው። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ጉባኤም አይቶታል። ስምሽን ጠርተዋል።»

መረጃ የፈጠረ ተመራማሪ እንደሚባረር ለተማሪዎች በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ። ወዲያው ዳበል ደወልኩ።

ባለሱቋ ተረጋግታ አነሳችው። እንደነገረችኝ ከሆነ ሊንኩ ሲደርስ ሰዉ ስልኩን አስተያየ፤ ለሁሉም የመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ለሁሉም የተላከ ጥያቄ ደግሞ የሁሉም ጥያቄ ነው። የፍየል በሽታ መቼ የአንድ ሰው ነገር ሆኖ ያውቃል? ጉድጓዱ የጋራ፣ ግጦሹ የጋራ፣ በሽታውም የጋራ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ሰው ጠሩ። ተጠጋግቶ መቀመጥ ስለተከለከለ ተራርቀው ተቀመጡ፤ ስለተራራቁ መጮህ ግድ ሆነ፤ ሲጮኹ ሴቱም ሕፃኑም ከየቤቱ ሰምቶ መጣ። በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ተከራከሩ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ተስማሙ። የተስማሙበት ቃል በአንድ ስልክ ተጻፈና ለሁሉም ተላከ፤ ሁሉም ያንኑ አስገባ።

«ቀናት ነው የፈጀብን» አለችኝ በኩራት። «ለአንቺ ስንል ነው።»

«እያንዳንዱ ለምን የራሱን አልመለሰም?»

«የራሱ ነው እንጂ። ተስማምቶበታል እኮ።» ቀጥላም «ለየብቻ እንድንመልስ ከፈለግሽ ለየብቻ ጥያቄ አትልኪም ነበር?» አለችኝ።

እስቲ ምን ይባላል? ስልኩን ዘግቼ መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። የተናደድኩት በዳበሎች አይደለም፤ በትእዛዙ ነው። ፊት ለፊት ሄጄ ብጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር ዓይኔ ሥር ይሆን ነበር። ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተረታ፣ ማን አኩርፎ እንደተነሳ እጽፍ ነበር። ጥናቱ እኮ እሱ ነው። ሊንኩ ክርክሩን አስቀርቶ ውሳኔውን ብቻ አመጣልኝ።

ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። «እኔ አምንሻለሁ፤ ጉባኤው ግን አያምንም» አሉ። «አንድ መውጫ አለ። የዳበልን መልስ አውጪው። ሊንኩ ተበላሽቶ ነው እንላለን። በምትኩ ከቡቲዬና ከኦዳ ሰው ጨምረሽ ትጨርሻለሽ።»

እናቴም የሳቸው ደጋፊ ሆና አረፈችው።

«አውጪዋ። ዳበል ዲግሪ ትሰጥሻለች?» አለች። «ጨርቅ ላይ ብል የበላው ቦታ ካለ እሱን ቆርጠሽ ቀሪውን ትሸጫለሽ።»

«ብል አልበላውማ።»

«ገዢው በልቶታል ካለ በልቶታል።»

«እማዬ፣ ተበላሽቶ ነው ብዬ ካወጣሁት ያኔ እውነትም ውሸታም ነኝ።»

አፍጥጣ አየችኝ። «ግትር። ቁርጥ አባትሽን» አለችና ጨርቅ ወደምታገላብጥ አንዲት ገበያተኛ ዞረች። ስድብ መሆኑ ነው፤ እኔ ግን ምርቃት አድርጌ ወሰድኩት።

ወሬው ተማሪዎቼ ጋም ደርሶ ኖሯል። በዚያው ሳምንት ጥቁር ሳጥኖቹ ፊት ተቀምጬ ማስተማር ስጀምር አንዱ «መምህር፣ ስለ እርስዎ የሚወራው እውነት ነው?» ብሎ ጻፈ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። እኔ ትምህርቱን ትቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። መከሰሴን፣ ዳበል የሆነውን፣ አውጪው መባሌን፣ አላወጣም ማለቴን። ከዚያ ከአርብቶ አደሮቹ አገር ከማርሳቢት የሚገባ፣ ሁልጊዜ ፍየል እየጠበቀ የሚማር ልጅ ማይኩን ከፈተ። «የኛም ሰዎች ቢሆኑ እንደዚያው ነው የሚያደርጉት» አለ። አንዷ ከከተማ «ታዲያ የማን ሐሳብ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ብላ ተከራከረችው፤ ሌላው ገባ፣ ሌላው ተቆጣ፣ ሳጥኖቹ እየተከፈቱ ፊት ሆኑ። ከተዘጋን ጀምሮ የመጀመሪያው እውነተኛ ክፍለ ጊዜ እሱ ነበር። ስጨርስ ፍርሃቴ ለቆኝ ነበር ማለት እችላለሁ።

ለጉባኤው አጭር መልስ ላክሁ። የዳበልን መልስ አላወጣም፤ ካላመናችሁ ሰዎቹን ራሳቸውን ጠይቁ። አማካሪዬ ራሳቸውን ያዙ፤ ሆኖም ተከራክረውልኝ ሰዎቹ በቪዲዮ እንዲሰሙ አስፈቀዱ። ከአምስቱ የጉባኤ አባላት አንዷ የሰሜን ኬንያ ሰው ናት፤ ቦረንኛ ትችላለች። እኔ እንዳልተረጉም፣ እሷ እንድትተረጉም ተወሰነ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ ዳበል መሄድ አለብኝ። ለጥናት መሄድ ክልክል ነው። እኔ ግን የምሄደው ለጥናት አይደለም፤ ተከሳሽ ነኝ፣ ምስክሮቼ ጋ ነው የምሄደው። ተከሳሽ ምስክሮቹ ጋ እንዳይሄድ የሚል መመሪያ ፈልጌ አጣሁ። ለአካባቢው አስተዳዳሪ፣ ለቺፉ፣ ይህንኑ ስነግረው ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ አየኝና «ሂጂ፤ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ግን ተመለሺ» አለኝ። ውሃ በሚያመላልስ ሎሪ ጋቢና ተሳፈርኩ። ስደርስ ጭምብሌ ከአቧራው የተነሳ ቡናማ ሆኖ ነበር።

ዛፉ ሥር ሰዉ ተራርቆ ተቀምጧል። ጉባኤው የሚጀምርበት ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ግን መጀመሪያ ወሬ ይነገራል። ሞያሌ ዘንቧል? ድንበሩ ተከፍቷል? በሽታው ስንት ሰው ጣለ? ፍየል ስንት ያወጣል? ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቶሎ ቶሎ ስል «ቀስ በይ» ተባልኩ። ከዚያ ስልኬን ወንበር ላይ በድንጋይ ደግፌ አቆምኩት። ስክሪኑ ላይ አምስት ሰዎች አሉ፣ ከኋላቸው የመጽሐፍ መደርደሪያ። ከእኛ ኋላ ፍየልና ጀሪካን። አማካሪዬ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ላባቸውን ይጠርጋሉ።

የጉባኤው ሰብሳቢ «ከመልስ ሰጪዎቹ አንዱን ብቻ ነው የምጠይቀው» አሉ። ለስልኩ ቅርብ የነበሩት ሽማግሌ ጎንበስ አሉ። የሰሜኗ ሴት ተረጎመችላቸው፦ «ይህች ተመራማሪ ምን ብላችሁ እንድትመልሱ ነግራችኋለች?»

«አልነገረችንም» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው፤ አንድ ቃል፣ በቃ። በልቤ እለምናቸዋለሁ፤ አልነገረችንም ይበሉና እንገላገል።

ሽማግሌው «ሰምተናል፤ ጠብቁን» አሉና ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዞሩ።

«የጠየቅሁት እርስዎን ብቻ ነው» አሉ ሰብሳቢው።

ሲተረጎምላቸው ሽማግሌው ዞር እንኳ ሳይሉ «እሺ፣ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ጥያቄው ግን የኛ ነው» አሉ።

ተጀመረ። አንድ ጎልማሳ «አልነገረችንም በሏቸው፤ ልጅቱ ሥራዋን ልታጣ ነው» አለ። ባለሱቋ ተነሳች። መከታዬ ያልኳት ሴት «ውሸት ነው» አለች። «ነግራናለች። ከጥያቄው ራስ ላይ ስህተት የሚባል መልስ የለም፣ ሳትፈሩ መልሱ ብላ ጽፋለች። እሱ መንገር አይደለም?» ከኋላ አንዱ «እሱማ ምክር እንጂ መልስ አይደለም» አለ። ሌላው «ምክርም ቃል ነው» ብሎ ተነሳ። አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ደጅ ሆነው «የቷ ልጅ ናት? የጨርቅ ነጋዴዋ ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ፤ ናት ተባሉ። ከዚያ ነገሩ የእናቴ ነገር ሆነ፤ ታስወድዳለች አታስወድድም የሚል ሌላ ክርክር ተነሳ። እኔ ባንድሌ ሲያልቅ አያለሁ። ሽማግሌው ግን ማንንም አላቋረጡም።

የሰሜኗ ሴት መጀመሪያ ላይ ትተረጉም ነበር። በኋላ ተወችውና አገጯን በእጇ ደግፋ ማዳመጥ ጀመረች። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፤ ደግመው አዩ።

«ምን እየተባባሉ ነው?» አሉ።

«እየመለሱልዎት ነው» አለቻቸው።

በመጨረሻ አኩርፎ የነበረ አንድ ሰው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሽማግሌው እሱን ሲጠብቁ ኖሯል፤ ወደ ስልኩ ዞሩ። «መልስ አልነገረችንም» አሉ። «አንድ ነገር ግን በእናንተ ስም ነግራናለች፤ ስህተት የሚባል መልስ የለም ብላናለች። ዛሬ ደግሞ መልሳችሁ ስህተት ነው ትሉናላችሁ። ወይ ያኔ ዋሽታችሁናል፣ ወይ አሁን። ተነጋገሩና የትኛው እንደሆነ ንገሩን።»

አማካሪዬ ሳቃቸውን ለመደበቅ ካሜራቸውን አጠፉ።

ጉባኤው ለመመካከር ወጣ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ዳበሎች ቁጭ ብለው ጠበቁ። መጠበቅ ይችሉበታል። ሽማግሌው ቀስ ብለው «እነሱስ የሚቀመጡበት ዛፍ አላቸው?» አሉኝ።

«የላቸውም» አልኳቸው። አሳዘኗቸው መሰለኝ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሲመለሱ ሰብሳቢው አነበቡ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ ወስኗል፤ ተመራማሪዋ መልስ አልፈጠረችም፤ ከተከሰሰችበት ነጻ ናት። «ሆኖም» አሉ። ሆኖም መልሶቹ የተገኙት በምክክር ስለሆነ እንደ ሠላሳ ስምንት ሰው መልስ አይቆጠሩም፤ እንደ አንድ ሰው መልስ ይቆጠራሉ። ገባኝ። ዳበል አንድ ሰው ከሆነች የሚፈለገው የሰው ቁጥር አይሞላም፣ ጥናቴ ጎዶሎ ነው፤ ጎዶሎ ጥናት አይመረቅም፤ ውሌም ያልቃል። በፊት ለፊቱ በር ነጻ ብለው በጓሮ በር እያስወጡኝ ነው።

«የምትይው አለ?» አሉ ሰብሳቢው።

አማካሪዬ ካሜራቸውን አብርተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዝም አይነቅዝም ማለታቸው ነው። አይቻቸዋለሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አልኩ። «ውሳኔው በአንድ ድምፅ ነው ብለዋል። አምስታችሁም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጣችሁት?»

«አዎ።»

«እስከ ቃሉ?»

«ተመካክረን ነው የጻፍነው።»

«እንግዲያውስ ይህ የአምስት ሰው ውሳኔ ነው ወይስ የአንድ ሰው? የአንድ ሰው ከሆነ ጉባኤው አልሞላም፣ ውሳኔውም አይጸናም። የአምስት ሰው ከሆነ ደግሞ ዳበልን ቁጠሯት።»

ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ስልኩን አየሁ፤ አልሄደም። የሰሜኗ ሴት ማንም ሳይጠይቃት ያልኩትን ለዳበሎች በቦረንኛ ነገረቻቸው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ ባልደረቦቻቸው ዞረው «እንደገና እንመካከር?» አሉ። ስክሪኑ ጠቆረ።

ሽማግሌው «ጊዜ ስጫቸው። ገና መልመዳቸው ነው» አሉኝ።

ሁለተኛው ምክክር ረዘመ። ባለሎሪው ሰዓት እላፊውን ፈርቶ ክላክስ ያደርጋል፤ ከዳበሎች ግን የተነሳ የለም። ጉባኤው ሲመለስ ሰብሳቢው ከወረቀት አላነበቡም። «ሠላሳ ስምንት ይባል» አሉ። ይህስ በአንድ ድምፅ ነው ወይ ልል አፌን ስከፍት አማካሪዬ «እናመሰግናለን፣ ደኅና ዋሉ» ብለው ቀደሙኝ።